የምስል እመቃ

የምስል እመቃ ማለት የዲጂታል ምስል ፋይል የሚይዘውን ቦታ የመቀነስ ዘዴ ነው። ዘዴው በሁለት ይከፈላል፦ ያለ ብክነት ማመቅ እና በብክነት ማመቅ። የመጀመሪያው ፋይሉ ሲከፈት ዋናውን ምስል ነጥብ በነጥብ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ግን ዓይን አይለየውም ተብሎ የታሰበውን መረጃ ለዘለቄታው ይጥላል። ስለዚህ የፋይል ዓይነት ምርጫ የምስሉን ጥራት፣ አንዳንዴም በምስሉ ላይ የተጻፈውን ነገር ትክክለኛነት ይወስናል።

አስፈላጊነቱ

ዲጂታል ምስል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። የአንድ ፒክስል ቀለም ብዙ ጊዜ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ይገለጻል፤ ለእያንዳንዳቸው 1 ባይት፣ በድምሩ 3 ባይት ያስፈልጋል። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል ስላለው ሳይታመቅ ቢቀመጥ 36 ሚሊዮን ባይት (36 ሜጋባይት) ይሆናል። ይኸው ፎቶ በጄፔግ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይይዛል።

ያለ ብክነት ማመቅ

ይህ ዘዴ በምስሉ ውስጥ የሚደጋገመውን ነገር ይጠቀማል። ለምሳሌ 500 ነጭ ፒክስሎች ቢከታተሉ «ነጭ» የሚለውን 500 ጊዜ ከመመዝገብ «500 ጊዜ ነጭ» ብሎ መመዝገብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ጂፍ በዚህ ወገን ቢመደብም በአንድ ምስል ከ256 በላይ ቀለም ስለማይዝ ለፎቶ አይመችም። የጂፍ ማመቂያ ስሌት የፓተንት ክርክር ባስነሳ ጊዜ በምትኩ ፒኤንጂ ተዘጋጅቶ በ1996 ጸደቀ። ፒኤንጂ ሚሊዮኖች ቀለሞችን ያለ ብክነት ይይዛል።

በብክነት ማመቅ

በጣም የተለመደው ጄፔግ ነው፤ ደረጃው በ1992 ጸደቀ። ጄፔግ መጀመሪያ የብርሃን መጠንን ከቀለም ይለያል። የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ የቀለሙ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ይቀነሳል። ቀጥሎ ምስሉ 8 በ8 ፒክስል ወደሆኑ ካሬዎች ተከፋፍሎ በየካሬው ያለው ለውጥ እንደ ሞገዶች ድምር ይሰላል። ይህን ስሌት ናሲር አህመድና ባልደረቦቹ በ1974 ያሳተሙት ነው። በመጨረሻም ቀስ ብሎ የሚለወጠው ተጠብቆ፣ በፍጥነት የሚለዋወጠው ዝርዝር ቁጥሩ እንዲጠጋጋ ወይም ዜሮ እንዲሆን ይደረጋል። ዋናው ብክነት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

እመቃው ሲበዛ ካሬዎቹ ለዓይን ይታያሉ፤ በፊደላት ጠርዝ ዙሪያም ብዥታ ይፈጠራል። የግዕዝ ፊደል ለዚህ የተጋለጠ ነው፤ በ«ቀ» እና «ቁ» ወይም በ«ለ» እና «ሉ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትንሽ ጭረት ስለሆነች በትንሽ መጠን ለተነሣና ክፉኛ ለታመቀ ጽሑፍ ንባቡ ሊያሻማ ይችላል።

የጄፔግ ፋይል ተከፍቶ፣ ተስተካክሎ በድጋሚ በተቀመጠ ቁጥር አዲስ ብክነት ሊጨመር ይችላል። የተበላሸውን በከፍተኛ ጥራት ወይም በፒኤንጂ ማስቀመጥ ፋይሉን ያተልቃል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

የተለወጡ ቁጥሮች

እ.ኤ.አ. በ2013 ጀርመናዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዴቪድ ክሪዘል አንዳንድ የዜሮክስ ስካነሮች የሰነድ ቁጥሮችን እንደሚለውጡ አሳየ። በአንድ የቤት ፕላን ላይ የሦስት ክፍሎች ስፋት 14.13፣ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር ሲሆን በቅጂው ላይ ሦስቱም 14.13 ሆነው ወጡ። በሌሎች ሰነዶች 6 ቁጥር ወደ 8 ተለወጠ። ምክንያቱ ጄቢግ 2 የተባለው የማመቂያ ዘዴ ነበር። ይህ ዘዴ ተመሳሳይ የሚመስሉ ቅርጾችን አንድ ጊዜ ብቻ መዝግቦ በየቦታው ሊደግማቸው ይችላል። ብዥ ያለ ምስል አንባቢውን ያስጠረጥራል፤ እዚህ ግን ስህተቱ ጥርት ብሎ ስለታተመ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ።

የዓይነት ምርጫ

• ለፎቶ፦ ጄፔግ፣ ወይም ጉግል በ2010 ያወጣው ዌብፒ
• ለስክሪን ቅጂ፣ ለሥዕላዊ መግለጫና ለአርማ፦ ፒኤንጂ
• ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ሰነድና የብራና ጽሑፍ፦ ያለ ብክነት የታመቀ ፒኤንጂ ወይም ቲፍ

እንደ ቴሌግራም ያሉ መተግበሪያዎች «ፎቶ» ተብሎ የተላከን ምስል በብክነት ያምቃሉ፤ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን ዋናው እንዳለ ይደርሳል። በማንኛውም ሁኔታ ዋናውን ፋይል አስቀርቶ ማስተካከያውን በቅጂው ላይ መሥራት ይመረጣል።