ገነተ ልዑል፤ ከቤተ መንግሥትነት ወደ ትምህርት ቤትነት

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ግቢ ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ በበቀሉም ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈጅቷል። ፋሽስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን በየእርከኑ እየቆጠሩ የሠሩት ደረጃ አልፈረሰም፤ ይሁን እንጂ ከድል በኋላ የይሁዳ አንበሳ በጫፉ ስለተቀመጠበት ትርጉሙ ተገለበጠ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሙከራ የተያዙ ባለሥልጣናት የተገደሉትም እዚሁ ነበር። ከዚህም በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለትምህርት ተሰጥቶ፣ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ።

ስለሆነም መምህር ታሪክን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከስፍራውም ማስነበብ ይገባዋል። የ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገበት ቦሩ ሜዳም ለደሴ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሰነድ ነው።