የደብር ደኖቻችንና የዘመኑ ምርምር

በደብረ ወርቅም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በእርሻ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ከሩቅ ባየ ጊዜ፣ በዚያ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ሳይጠይቅ ያውቃል። በዙሪያው የነበረው ዱር ለእርሻ፣ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲመነጠር፣ ወይራውና ጽዱ፣ ከእነርሱም ጋር አዕዋፍ፣ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያንን ተጠግተው ተረፉ። ይህንም ያቆየልን የአባቶቻችን ፈሪሃ እግዚአብሔር ስለ ሆነ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን ምስጋና ብቻውን ደን አይጠብቅም፤ ምርመራም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1938 ጣልያኖች በደቡብ ጎንደር ላይ ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከዘመናችን የሳተላይት ሥዕሎች ጋር ያስተያዩ ሊቃውንት፣ የደብር ደኖቹ በአብዛኛው ከስፍራቸው እንዳልጠፉ፣ ነገር ግን በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ እንደ ተመናመነና ባሕር ዛፍ እንደ ተስፋፋ ተመልክተዋል።

የደኑን ውስጥ የመረመሩት ደግሞ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ብዙዎቻችን የምናውቃቸው የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። አፈሩን ሲመረምሩም፣ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በመሬት ውስጥ ለብዙ ዘመን ተከማችቶ እንደማይቆይ ተረዱ። እንግዲህ እናት ዛፍ ያለ ተተኪ ከወደቀች፣ ወገኗን የሚያስነሣ ዘር በአፈሩ አይገኝም ማለት ነው። በገላውዴዎስና በደብረ ሰና ደኖች ባደረጉት ሙከራም፣ ከብት እንዳይገባበት በታጠረው ስፍራ ዘሩ ይበልጥ በቀለ፤ ችግኙም ይበልጥ ጸደቀ።

ስለዚህ መጥረቢያን መከልከል ብቻ አይበቃም። ችግኙ በከብት እየተበላና እየተረገጠ የሚቀር ደን፣ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበትን ቤት ይመስላል፤ ለጊዜው የተከበረ ነው፤ ወራሽ ግን የለውም።

ይህ ምርምር በመጽሐፍ ተዘግቶ አልቀረም። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር ካህናቱንና ምእመናኑን አማክረው፣ ሕዝቡ ከየእርሻው ድንጋይ እየለቀመ በደኖቹ ዙሪያ ካብ ካበ። በዚህም ደኑ ተከለለ፤ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ።

«ከብቶቻችንስ ምን ይብሉ?» የሚል ገበሬ ጥያቄው እውነተኛ ነው። ሣሩን በካቡ ውስጥ እያጨዱ ለከብት መስጠት አንዱ መልስ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ወደየአጥቢያችን ስንሄድ የሽማግሌዎቹን ዛፎች ግርማ ብቻ አናድንቅ፤ ጎንበስ ብለን ከሥራቸው ስንት ችግኝ እንዳለ እንቍጠር። ቍጥሩንም ለካህናቱና ለወላጆቻችን እናስረዳ። አባቶቻችን በእምነት የጠበቁትን እኛ በዕውቀት ጭምር ብንጠብቀው፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም የሚጠለሉበት ጥላ ያገኛሉ።