ለንደንን የከለከለው ማን ነበር?

ማሪና፣ አሽኬሎን — መጋቢት በመጣ ቁጥር የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ስም ይነሳል። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ሲያርፉ የዓለም ጋዜጦች «ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት» ብለው ሸኟቸው። አባባሉ ስሕተት ባይኖርበትም ጎደሎ ነው። እማሆይ ይዘፍኑም ነበር። የራሳቸውን ግጥም በራሳቸው ዜማ፣ በራሳቸው ፒያኖ እያጀቡ በአማርኛ ያንጎራጎሯቸው ዘፈኖች በአልበም ተሰባስበው የወጡት ካረፉ በኋላ ነው፤ ዛሬም ከፒያኖ ሥራዎቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው።

ቅጂዎቹ የተሠሩት በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ መኖሪያ ቤታቸው ነው። ስቱዲዮ የለም፣ የድምፅ ባለሙያም የለም፤ ፒያኖ፣ አንድ ቴፕና እሳቸው ብቻ። በጆሮ ማዳመጫ ለሰማቸው ወፎች ከመስኮቱ ውጭ ይንጫጫሉ፣ የፒያኖው እንጨት ሲንቋቋ ይሰማል። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ቀኝ እጃቸው ዜማውን ከድምፃቸው ጋር እኩል ይይዛል፤ ግራው ከሥር እየተንከባለለ ይከተላል። ቃሉ ሲረዝም ፒያኖው ይጠብቃል፣ ትንፋሽ ሲያጥር አብሮ ያጥራል። ስለ አገር፣ ስለ ደመና፣ ስለ ናፍቆት ነው የሚዘፍኑት። ያኔ ገና ጨርሰው ከአገር አልወጡም ነበር፤ የሚናፍቁት በእግራቸው የቆሙበትን መሬት ነው።

እንዲህ ያለውን፣ ለአንድ ድምፅና ለአንድ ፒያኖ የተጻፈ፣ ግጥም ቀዳሚ የሆነበትን የሳሎን ዘፈን ፈረንሳዮች «ሜሎዲ» ይሉታል። ፎሬና ደቡሲ ስመ ጥር አድርገውታል፤ ለእማሆይ የሚቀርበው ግን ብዙ ያልተወራለት ሬይናልዶ ሀን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1874 ካራካስ ውስጥ ከጀርመናዊ አይሁዳዊ አባት ተወልዶ በፓሪስ ያደገው ሀን፣ ሲጋራውን በከንፈሩ ይዞ፣ ፒያኖውን ራሱ እየመታ፣ በትንሽ ድምፅ የራሱን ዘፈኖች ለወዳጆቹ ይዘፍን ነበር። ኦፔራ ቤት የሚያናውጥ ድምፅ አልነበረውም፤ ቅጂዎቹ ግን ዛሬም ይደመጣሉ፤ ቃል እንዴት እንደሚነገር ያውቅ ነበርና። ናዚዎች ፈረንሳይን ሲይዙ በአባቱ ምክንያት ወደ ደቡብ ሸሸ፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ የፓሪስ ኦፔራ ዳይሬክተር ሆነና በ1947 ሞተ። (ከዚህ በታችም ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እቀጥላለሁ።)

የእማሆይ ታሪክ የታወቀ ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። በታኅሣሥ 1923 አዲስ አበባ ውስጥ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ በ1919 ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞችም አንዱ ነበሩ። እኅታቸው ስንዱ ገብሩ በኋላ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ለትምህርት ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ ሙዚቃንም እዚያ ጀመሩ። ጣልያን ሲወርር ቤተሰቡ ተግዞ ወደ አዚናራ ደሴት ተወሰደ፤ ከቤተሰቡም የተገደሉ አሉ። ከነፃነት በኋላ የውብዳር ወደ ካይሮ ተሻግረው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። ኋላ መምህሩም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ኃላፊ ሆነ።

ክርክሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የውብዳር ለንደን በሚገኘው የሮያል ሙዚቃ አካዳሚ እንዲማሩ ዕድል አገኙ። ሊሄዱ ሲሉ ፈቃድ ተከለከሉ። ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል እህል አልቀምስ ብለው ለሞት ደረሱ፤ ሆስፒታል ተወስደው ቅዱስ ቁርባን ጠየቁ፣ ከዚያም ረጅም እንቅልፍ ተኝተው ሲነቁ ልባቸው ዓለምን ትቶ ነበር። ማን ከለከላቸው? እማሆይ ዕድሜያቸውን ሙሉ አልተናገሩም። በእርጅናቸው ጠይቀዋቸው ለነበሩ ጋዜጠኞችም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው ዘግተውታል።

አንደኛው ወገን ነገሩን የቢሮ ጣጣ ያደርገዋል፤ አንድ ሹም ፊርማውን ነፈጋቸው ይላል። ሌላው ወገን ቃሉ የመጣው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ ሳይሆን አይቀርም ባይ ነው። እስቲ ዘመኑን እናስበው። በዚያን ጊዜ የትምህርት ሚኒስቴርን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይዘውት ነበር። ውጭ አገር ለትምህርት የሚሄድ ወጣት እፊታቸው ቀርቦ እጅ ነስቶ፣ ምክር ሰምቶ ነበር የሚሄደው። የውብዳር ደግሞ ማንም የማያውቃቸው ባለጉዳይ አልነበሩም፤ የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሠሩ ቀደምት ሴቶች አንዷ፣ ለንጉሠ ነገሥቱም ዘፍነው የሚያውቁ ነበሩ። እንዲህ ያለችን የባላባት ልጅ የመዝገብ ቤት ሹም በራሱ ሥልጣን ያስቀራል ብሎ ማመን ይከብዳል። ዝምታቸውም ለዚሁ ይመሰክራል። ሰው የአንድ ጸሐፊን ስም ሰባ ዓመት አይሸሽግም፤ የንጉሥን ሊሸሽግ ይችላል።

ሌላም የሚጋጭ ነገር አለ። በብዙ ጽሑፍ የሚደጋገመው አባባል በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከቤት ጠፍተው ግሸን ማርያም ገቡ ይላል። ያ ከሆነ ጊዜው 1943 አካባቢ ሊሆን ነው። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄዶ ለመማር፣ ተመልሶ በመሥሪያ ቤት ለማገልገል፣ የለንደንን ዕድል ለማግኘትና ለመከልከል ይህ አይበቃም። ለንደንን ወደ 1948 የሚያስጠጉት ይሻላሉ። የጠፋችው ጉብል ታሪክ ለወግ ይጥማል፤ ከቤት የወጡት ግን ሥራም ሐዘንም የቀመሱ የሃያ ምናምን ዓመት ሴት ናቸው።

ግሸን በወሎ፣ በመስቀል ቅርጽ አምባ ላይ ያለች ደብር ናት፤ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ተብላ መስከረም 21 ቀን ምእመን ይጎርፍባታል። እማሆይ እዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ፤ በባዶ እግር፣ ያለ ሙዚቃ፣ በጸሎት። ፈረንሳይም የዝምታ ሰው አላት፤ አንሪ ዱፓርክ ከሃያ የማይበልጡ ድንቅ ዘፈኖች ደርሶ፣ በ37 ዓመቱ ብዕሩን ጥሎ፣ የሠራውን አብዛኛውን አጥፍቶ፣ በሃይማኖት ተጽናንቶ እስከ 1933 ኖረ። እሱ አልተመለሰም። እማሆይ ተመለሱ።

የተመለሱበት መንገድ በጎንደር ያልፋል። እዚያ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ ሲያድሩ አዩ፤ በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ያሳተሙትን ሸክላ ገቢ ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። በ1984 ደግሞ ኢየሩሳሌም ገብተው በኢትዮጵያ ገዳም ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ አልጋና ፒያኖ ባጣበባት ክፍል ኖሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሙሴ ዘመቻ ከጎንደር ገጠሮች ተነሥተው በሱዳን በኩል የወጡ ቤተ እስራኤላውያን እዚህ እስራኤል ደረሱ። አሽኬሎን ከእነዚያና ከተከታዮቻቸው ብዙዎችን ተቀብላለች። አንድ ዓይነት ናፍቆት ይዘው፣ አንዱ በኪዳነ ምሕረት ሌላው በምኩራብ፣ የሰዓት መንገድ ያህል ተራርቀው ኖሩ።

ከ2006 ጀምሮ፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ«ኢትዮፒክስ» የአልበም ተከታታይ ሃያ አንደኛውን ለእማሆይ ሲሰጥ፣ ዓለም ፒያኖውን አወቀ። ኖታው ደግሞ ተርፎ የደረሰን በፌስታል ነው። እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኔትዝ ኢየሩሳሌም ሄዳ ስትጠይቃቸው፣ ዕድሜ ልክ የጻፉትን በእጅ የተጻፈ ኖታ በፌስታል አጭቀው አስረከቧት፤ በ2013 ተለቅሞ በመጽሐፍ ወጣ፣ የኮንሰርት ዝግጅትም ተደረገ።

ዘፈኖቹ ግን ዘፋኝ ይፈልጋሉ። ኮንሰርቫቶሪ የጨረሱ፣ አማርኛ ቤት ውስጥ የሰሙ ወጣቶች በዚህ አገር አሉ፤ ሹበርትንና ፎሬን ይማራሉ። ለእነሱ የምለው ትንሽ ነው። ድምፃችሁን ለእማሆይ ዘፈን አታሳድጉት፤ የቅኝቱን ጌጥም አታብዙበት። ከፈረንሳዮቹ የሚወሰደው ቃልን ጥርት አድርጎ መናገር ነው። የማይወሰደው የፎሬ ጥብቅ ምት ነው፤ ፎሬ ዘፋኝ ጊዜውን ሲያንቀራፍፍበት አይወድም ነበር፣ የእማሆይ ዜማ ግን በሰዓት ከተለካ ይሞታል። ፒያኖ የሚያጅበውም ሰው እንደ ቤተ ክርስቲያን መሪ ትንፋሽ ይጠብቅ።

ቦታም አላጣም። ሬይናልዶ ሀን በ1901 ለቬኒስ በቬኒስ ቀበልኛ የደረሳቸውን ስድስት ዘፈኖች፣ ፒያኖ በታንኳ ላይ አስጭኖ፣ መብራት አብርቶ፣ በቦዩ ላይ ነበር የዘፈነው፤ ጎንዶላዎች ዙሪያውን እየከበቡ ሰሙት። የአሽኬሎን ማሪና ጀልባዎች ቅዳሜ ማታ ሥራ የላቸውም፤ መተላለፊያው ደግሞ ከሰንበት መውጣት በኋላ ከእነ ልጆቻቸው በሚንሸራሸሩ ጎንደሬዎች ይሞላል። አንድ አጃቢ፣ አንድ ዘፋኝና አንድ ፈቃደኛ ባለጀልባ ይበቃሉ። ለዚህኛው ጉዞ የቤተ መንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም፤ የማዘጋጃ ቤት ይበቃል።