ቮልት፣ አምፔርና የእንጀራ ምጣድ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሻጭ “ቶሎ ይሞቃል” ይላል እንጂ ስንት ኦም እንደሆነ አይናገርም፤ ገዢውም አይጠይቅም፡፡ በትምህርት ቤት የሸመደድነውን ቀመር ለፈተና ብቻ የፈለግነው ይመስላል፡፡ ይህ ጸሐፊ የተማረው ሕግ ነው፡፡ ሆኖም በአከራይና በተከራይ መካከል በመብራት ሒሳብ የሚነሣው ንትርክ አብዛኛው በሁለት መስመር ስሌት ሊበርድ እንደሚችል ስለሚያምን፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ወዷል፡፡

ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ሐሳብ ቀላል ነው፡፡ ቮልት የሚገፋው ኃይል ነው፤ አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው መጠን ነው፤ ኦም ደግሞ የሽቦው እምቢታ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ የሚለካበት ነው፡፡ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ኦም ይገኛል፤ ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ዋት ይገኛል፡፡ (ሰውየው በአገሩ ቶሎ አልተደመጠም፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ የሸለመው እ.ኤ.አ. በ1841 ነበር፡፡)

በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ እንውሰድ፡፡ 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም፣ 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ይሆናል፡፡ ከሁለቱ ቁጥሮች የምጣዱ የራሱ ንብረት ኦሙ ነው፡፡ ዋቱ ግን ከመስመሩ በሚመጣው ቮልት ላይ የተንጠለጠለ ነው፡፡ ማምሻውን ሠፈሩ ሁሉ ምድጃ ለኩሶ ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ፣ በምጣዱ የሚያልፈው 13.1 አምፔር ገደማ፣ ኃይሉም 2,356 ዋት ብቻ ይሆናል፡፡ ቮልቱ የቀነሰው ከመቶ 18 ሲሆን ሙቀቱ የቀነሰው ከመቶ 33 ነው፡፡ ምክንያቱም ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ይወርዳል፤ ብዜቱ ከሁለት ወገን ይመታል፡፡ እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል የምትወቀሰው ግን ጋጋሪዋ ናት፡፡

ምጣዱ ሲበላሽ የሚደረገው ጥገናም ሌላ ጉድ አለው፡፡ የተቃጠለው ሽቦ ተቆርጦ የቀረው ይቀጠላል፡፡ ሽቦው አጠረ፤ ስለዚህ ደከመ ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፡፡ ነገሩ ተቃራኒ ነው፡፡ ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቀነስ ኦሙ ወደ 12.4 ይወርዳል፤ አምፔሩ 17.8፣ ኃይሉ 3,900 ዋት ገደማ ይደርሳል፡፡ ባለቤቱ “ከድሮው በለጠ” ብሎ ይደሰታል፤ 16 አምፔር የተጻፈበት ሶኬት ግን ከአቅሙ በላይ እየተሸከመ ነው፡፡

አደገኛው ነገር ሙቀት የሚፈጠረው ምጣዱ ላይ ብቻ አለመሆኑ ነው፡፡ እንግሊዛዊው ጀምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መባቻ እንዳሳየው፣ በማንኛውም ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በኦሙ ሲባዛ የሚገኘው ነው፡፡ በውስጡ 0.75 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ያለው የ10 ሜትር ማከፋፈያ፣ ደርሶ መልሱ ተደምሮ ግማሽ ኦም ያህል አለው፡፡ ምጣዳችን በእርሱ ሲሠራ ወደ 120 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በገመዱ ላይ ይቀራል፡፡ ተጠቅልሎ ምንጣፍ ሥር የተቀመጠ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም፡፡

የላላ ስፒና ደግሞ ይብሳል፡፡ መጋጠሚያው ላይ 0.2 ኦም ብቻ ቢኖር፣ 15.8 በ15.8 በ0.2 ሲባዛ 50 ዋት ነው፡፡ ይህ ከአንድ የራዲዮ ጠጋኝ መበየጃ የማይተናነስ ሙቀት፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ ከፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ ሁለት ሰዓት ይቆያል ማለት ነው፡፡ ብሬከሩም ሆነ ቫልቮላው ይህን አያውቅም፡፡ የሚጠብቀው አምፔርን ነው፤ መጋጠሚያው ሲላላ ደግሞ አምፔሩ እንዲያውም ትንሽ ይቀንሳል፡፡ ስለዚህ “ብሬከሩ አልወረደም” ማለት ለደኅንነት ማስረጃ አይሆንም፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ኪሣራውን እንዲተካ ያዛል፤ ይሁንና ከእሳት በኋላ ማስረጃውም አብሮ ነው የሚቃጠለው፡፡

ወደ ሒሳቡ እንመለስ፡፡ ይኸው ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሳይጠፋ ቢሠራ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፡፡ በየማታው አምስት ሰዓት የሚበራ የ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ግን በወር 1.35 ብቻ ነው፡፡ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀም ግቢ ሒሳቡን በነፍስ ወከፍ ሲያካፍል፣ አምፖልና ስልክ ብቻ ያለው ተከራይ የጎረቤቱን እንጀራ እየጋገረ ነው፡፡

ይህ ስሌት የሚሠራው እንደ ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ ላሉ ማሞቂያዎች ነው፡፡ የድሮው ባለ ክር አምፖል ሲቀዘቅዝና ሲበራ ያለው ኦም እጅግ የተለያየ በመሆኑ፣ ጠፍቶ ሳለ የተለካው አያገለግልም፡፡ ሞተር ያለው ፍሪጅ ደግሞ ቮልትና አምፔሩ እኩል ስለማይራመዱ ብዜቱ ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል፤ በዚያ ላይ በየመሀሉ ይጠፋል፡፡ ለእንዲህ ዓይነቱ ግቢ ለየቤቱ ተካፋይ ቆጣሪ ማስገባት ይሻላል፡፡