ዋሽንት ሠሪነት፦ ሙያው፣ የሥራ ቦታው እና ሕጋዊ አሠራሩ

ዋሽንት ከሸምበቆ፣ ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት የሚሠራ፣ በአንድ ጫፉ በኩል በትንፋሽ የሚነፋ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። በአፋን ኦሮሞ ኡሉሌ የሚል ስያሜ አለው። ይህ ጽሑፍ በሐረሪ ክልል ሶፊ ወረዳ እና በአካባቢው ሙያውን መተዳደሪያቸው ለማድረግ ለሚሹ ዜጎች መነሻ መረጃ ይሰጣል።

የሙያው ባሕርይ

ዋሽንት በአብዛኛው አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ ስድስት ያሉትም ይገኛል። ክራር አውታሩ ጠብቆና ላልቶ ይቃኛል፤ ዋሽንት ግን ከተበሳ በኋላ እንዲህ ማስተካከል አይቻልም። ስለሆነም ተጫዋቾች ርዝመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶችን ይይዛሉ፤ የሠሪው ገበያም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ዋሽንትን ከክራር፣ ከማሲንቆ እና ከበገና ጋር በአንድ መድረክ አሰምቷል። በቡድን ለሚጫወት ገዢ ከጌጡ ይልቅ የቅኝቱ ትክክለኛነት ይበልጥበታል።

የአሠራር ሂደት

1. የበሰለ ግንድ ተመርጦ ይቆረጣል፤ እንዳይሰነጠቅም በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል።
2. የውስጥ አንጓዎቹ በጋለ ብረት ይከፈታሉ፤ የሚነፋበት ጫፍ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።
3. ርዝመቱ ይወሰናል። ቱቦው ባጠረ ቁጥር ድምፁ ከፍ ይላል።
4. ቀዳዳዎቹ በመጀመሪያ ጠበብ ተደርገው ይበሳሉ፤ ከዚያም እየተነፉና እየተደመጡ በጥቂት በጥቂቱ ይሰፋሉ። ቀዳዳ ሲሰፋ ድምፁ ከፍ ስለሚል፣ ከመጠን በላይ የሰፋን ቀዳዳ ወደ ነበረበት መመለስ አስቸጋሪ ነው።

የሸምበቆና የቀርከሃ ውስጣዊ ስፋት ከግንድ ግንድ ስለሚለያይ የውጭ ልኬትን ብቻ መቅዳት ተመሳሳይ ድምፅ አያስገኝም። ሠሪው የእያንዳንዱን ዋሽንት ርዝመት፣ የውስጥ ስፋት እና የቀዳዳዎች ርቀት በመዝገብ ቢይዝ የተሰበረውን ለመተካትና ተለማማጆችን ለማሠልጠን ይረዳዋል።

የሥራ ቦታ ጥንቃቄ

ብረት የሚጋልበትና ግንድ የሚበሳበት ስፍራ አየር የሚያዘዋውር፣ ከደረቅ ግንድ ክምችት የራቀ ሊሆን ይገባል። ውኃ ወይም አሸዋ በቅርብ መኖር አለበት፤ በሚሞረድበት ጊዜም አፍና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል።

ምዝገባ እና መብት

• የንግድ ሥራ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። አመልካቾች በቅድሚያ በየወረዳቸው የሚገኘውን የንግድ ጽሕፈት ቤት ያነጋግራሉ።
• ሠሪው በምርቱ ላይ የሚያሳርፈውን ምልክት በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ማስመዝገብ ይችላል። የዋሽንት ነባር ቅርፅ ግን የጋራ ሀብት በመሆኑ ማንም በግሉ ይዞ ሌላውን ሊከለክልበት አይችልም።
• በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት የተከለከለ ነው። ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች፣ የውጭ ጎብኚዎች የሚገበያዩባት ከተማ ናት። በመሆኑም ሠሪው በአዲስ ዋሽንት ላይ ምልክቱንና የተሠራበትን ዓመት ቢያሳርፍ፣ ለገዢውም ደረሰኝ ቢሰጥ፣ ዕቃው ከጥንታዊ ቅርስ ጋር እንዳይምታታና ገዢው በፍተሻ ወቅት እንዳይጉላላ ያግዛል።