ጄን ድሩ፦ ከለንደን ማድ ቤት እስከ ቻንዲጋር ሰገነት

ካርቱም ላይ ሚያዝያና ግንቦት ሲመጡ የግንብ ቤት የቀኑን ሙቀት ውጦ ይውልና ሌሊት መልሶ ይተፋዋል። በሪያድ ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ዝም ባለ ሌሊት በዚያ ሁሉ ሲሚንቶ መካከል መተኛት ጭንቅ ነው። ሱዳናዊው ግን ከጥንት ጀምሮ አንገሬቡን፣ በእኛ አነጋገር የጠፍር አልጋውን፣ ወደ ግቢ አውጥቶ ከሰማይ በታች ያድራል። «ሖሽ» የሚለው ግቢ ለእርሱ የቤት ትርፍ አይደለም፤ የበጋ መኝታ ቤቱ ነው። ሰው የት ይተኛል የሚለውን ጥያቄ ከንድፉ አስቀድመው ከጠየቁት የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች አንዷ እንግሊዛዊቷ ጄን ድሩ ናት። ሥራዋ የበዛው በምዕራብ አፍሪካና በሕንድ ቢሆንም፣ የጻፈችው እንደ ካርቱም ስላለው ደረቅና ሞቃት አገርም ጭምር ነው።

ድሩ የተወለደችው በ1911 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከለንደን በስተደቡብ በምትገኘው ቶርንተን ሂዝ ነው። አባቷ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ሠሪ፣ እናቷ መምህርት ነበሩ። ለንደን ከሚገኘው የአርክቴክቸራል አሶሲዬሽን ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ አጋማሽ ስትወጣ፣ ብዙ ቢሮዎች ሴት አርክቴክት ለመቅጠር ፈቃደኛ አልነበሩም። አብሯት ከተማረው ጄምስ አሊስተን ጋር ተጋብታና አብራው ሠርታ መንታ ሴቶች ልጆች ወለደች፤ ትዳሩ ግን በ1939 ፈረሰ። ዓለም ወደ ጦርነት በገባበት በዚያው ወቅት፣ ሁለት ሕፃናት ይዛ ለንደን ላይ የራሷን ቢሮ ከፈተች። መጀመሪያ ያሰበችው ሴቶች ብቻ የሚሠሩበት ቢሮ እንዲሆን ነበር። በሩን የዘጉባትን ሰዎች በነገር ከመውቀስ የራሷን በር መክፈት መረጠች።

በጦርነቱ ዓመታት ሥራ የመጣላት ከማድ ቤት በኩል ነበር። የብሪታንያ የጋዝ ንግድ ማኅበር በ1941 የማድ ቤት ዕቅድ አማካሪ አደረጋት። ሥራው ተራ ሊመስል ይችላል። የመክተፊያው ጠረጴዛ ከምድር ምን ያህል ከፍ ይበል? ከምድጃው እስከ ውኃው ስንት እርምጃ ነው? ዕቃው የት ይቀመጥ? በሰው ማድ ቤት ቆሞ የዋለ ሁሉ ግን የዚህን ጥያቄ ክብደት ለማንም አይለቅም። ድሩ ቤትን ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጓዳው ጀምሮ ማየት የለመደችው በዚያ ጊዜ ይመስላል፤ በኋላ የሠራችው ሁሉ ከዚህ ልማድ አልራቀም።

በ1942 ታዋቂውን አርክቴክት ማክስዌል ፍራይን አገባች። ሁለቱም ከ1944 ጀምሮ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዱ፤ እርሱ በዚያ ለነበረው የብሪታንያ ሚኒስትር የከተማ ፕላን አማካሪ፣ እርሷ ረዳት አማካሪ ሆነው ነበር። ጋምቢያ፣ ሴራሊዮን፣ ጎልድ ኮስትና ናይጄሪያ በሥራቸው ክልል ውስጥ ነበሩ። በ1947 ከሃሪ ፎርድ ጋር ሆነው በሐሩር አገር ስላለው የገጠር ቤት ያሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ ጉዞ የተገኘ ነው። ከዚያም በኋላ በኩማሲ የፕሬምፔ ኮሌጅን፣ በኬፕ ኮስት የዌስሊ ልጃገረዶች ትምህርት ቤትን፣ በናይጄሪያም የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ነደፉ። የእነዚህ ሕንፃዎች ዘዴ ነፋስን መከተል ነው፤ ስስ ሕንፃ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ፀሐይን ከልክሎ አየር የሚያሳልፍ የተበሳሳ የኮንክሪት ግድግዳ።

ነገሩን አለመሸፋፈን ይገባል። ገንዘቡም ሥልጣኑም የቅኝ ገዢ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ መሠራት የጀመሩት ብሪታንያ ከእጇ ልትወጣ የደረሰችውን አፍሪካ በልማት ለማባበል በተነሣችበት ሰዓት ነው። የቴማ ወደብ ሊሠራ ዓሣ አጥማጆቹ ከጥንት መንደራቸው እንዲነሡ በተወሰነ ጊዜም፣ ቴማ ማንሄያን የተባለውን አዲሱን መንደር የነደፈው የእነ ድሩ ቢሮ ነው። ሰዎቹ ለዓመታት አሻፈረኝ አሉ፤ የተነሡት በ1959 ነበር። ቤቱ ምንም ቢታሰብበት፣ ልነሣ አልነሣ የሚለውን መልስ ለባለቤቱ የሚሰጠው አርክቴክት አይደለም።

የድሩ ትልቁ ሥራ ግን ሕንድ ውስጥ ነው። በ1947 ሕንድ ስትከፈል ላሆር ለፓኪስታን ስለደረሰ፣ የሕንዱ ፑንጃብ ያለ ዋና ከተማ ቀረ። አዲሷን ቻንዲጋርን ይነድፉ ከነበሩት አንዱ ማቲው ኖቪትስኪ በ1950 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የፑንጃብ ሹማምንት አርክቴክት ፍለጋ ለንደን መጥተው ፍራይንና ድሩን አነጋገሩ። ሌ ኮርቡዚዬ እንዲጨመር ሐሳብ ያቀረበችው ድሩ ናት። እርሱም መጣ፤ አጠቃላይ ፕላኑንና የመንግሥቱን ሕንፃዎች ያዘ። በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ብቅ እያለ ይመለስ ነበር። በሥፍራው ተቀምጠው ሕዝቡ የሚኖርበትን ቤት የሠሩት ድሩ፣ ፍራይና የሌ ኮርቡዚዬ ዘመድ ፒየር ዣንሬ ናቸው።

ቤቶቹ ከሚኒስትር እስከ ተላላኪ በደረጃ ተከፋፍለው ነበር። ድሩ ልቧን የጣለችው በታችኛው ደረጃ ላይ ነው። የተላላኪው ቤት ሁለት ክፍል፣ ማብሰያ፣ መታጠቢያ፣ መጸዳጃ፣ በረንዳና የተከለለ ግቢ ነበረው፤ በጀቱ እጅግ ጠባብ ስለነበር ግንባታው በአገሩ ጡብ ሆነ። በአክራ የሠራው ዘዴ ደግሞ እዚህ አልሠራም። በቻንዲጋር በጋ ነፋሱ ራሱ እሳት ነው፤ ቤቱን ቢከፍቱት የሚገባው ሙቀት ነው። ቀን ተዘግቶ፣ ግድግዳው ወፍሮ፣ መስኮቱ ጠቦ መዋል አለበት፤ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ መተንፈስ አለበት። ሌሊት ሰው ውጭ እንደሚያድር ስለታወቀም፣ ከጎረቤት ዓይን የተከለለ ግቢ ወይም ሰገነት የቤቱ አካል ሆኖ ተነደፈ። ሱዳናዊው በሖሹ የሚያደርገውን ቻንዲጋር በመንግሥት ፕላን ላይ አሠፈረችው ማለት ነው። በመጀመሪያ በተሠራው ሴክተር 22 ትምህርት ቤቱና ሱቁ በእግር እንዲደረስባቸው ሆነው ታቀዱ። ከእነርሱ ጋር ከሠሩት ወጣት ሕንዳውያን አንዷ ዩሊ ቾድሪ ኋላ የቻንዲጋር ዋና አርክቴክት ለመሆን በቅታለች።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር ማንሣት የግድ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘችበት በ1936፣ ይኸው ሌ ኮርቡዚዬ ለሙሶሊኒ ደብዳቤ ጽፎ፣ ያላያትን ከተማ ንድፍ ሠርቶ ነበር። በንድፉ ላይ የነበረው ሰፈር የለም፤ በባዶ ሜዳ ላይ የተሠመረ ሰፊ ጎዳና ነው ያለው። ጣሊያኖቹም አልተጠቀሙበትም። ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ድሩ ያን ያህል የምታከብረውን ሰው ከላይ ሆኖ መሥመር እንዲያሠምር ትታ፣ ራሷ የተላላኪን ማድ ቤት ስትለካ መገኘቷ የሁለቱን ልዩነት ያሳያል። የቻንዲጋር ስም ሲነሣ ግን የሚነሣው የእርሱ ስም ነው።

ድሩና ፍራይ በ1956 ስለ እርጥቡ ሐሩር፣ በ1964 ደግሞ ደረቁንም ጨምረው የጻፏቸው መጻሕፍት የብዙ ተማሪዎች መመሪያ ሆኑ። በ1953 ለንደን ላይ የሐሩር አገር ሥነ ሕንፃ ጉባኤ እንዲጠራ ምክንያት የሆነው በእንግሊዝ የሚማር አንድ ናይጄሪያዊ ነበር፤ የተማርኩት ለአገሬ አየር አይሆንም ብሎ አቤት አለ። በ1954 በድሩ የቀድሞ ትምህርት ቤት ልዩ ኮርስ ተከፈተ፤ መጀመሪያ የመራውም ፍራይ ነው። በካርቱም ዩኒቨርሲቲም የሥነ ሕንፃ ክፍል በ1957 በአሊክ ፖተር መሪነት ሥራ ጀመረ። ፖተርና ባለቤቱ ማርጋሬት የሱዳን ዘመናቸውን በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከውታል።

ድሩ በ1969 የተማረችበት የአርክቴክቸራል አሶሲዬሽን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። በሚልተን ኪንስ የሚገኘውን የኦፕን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሕንፃዎችም ነደፈች። በስተእርጅና ከፍራይ ጋር ወደ ሰሜን እንግሊዝ ኮዘርስተን መንደር ሄደው ኖሩ፤ እርሱ በ1987 ዐረፈ። እርሷም በ1996 «ዴም» የሚለውን የክብር ማዕረግ ተቀብላ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ በ85 ዓመቷ ሞተች። በስሟ የሚሰጠውን ሽልማት በ2012 የባግዳድ ተወላጇ ዛሃ ሐዲድ፣ በ2020 ደግሞ ጎርፍ ቤታቸውን ለወሰደባቸው ድሆች በጭቃና በቀርከሃ የምትሠራው ፓኪስታናዊቷ ያስሚን ላሪ ተቀብለዋል።