ሐኪሙ ስልክ ውስጥ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ የቸኮላችሁ ለማታ አስቀምጡት። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን «የአእምሮ ሐኪሜን የማገኘው በስልክ ነው፤ ይሄ ሕክምና ነው ወይስ ማባበያ?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ መስመር የምመልሰው ስላልሆነ ታሪኩን ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ አገር የርቀት ሕክምና በስልክ አልተጀመረም። አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከክፍለ ሀገር በሽተኛ ይዞ አዲስ አበባ መግባት የአውቶቡሱ፣ የማደሪያው፣ መንገድ ላይ የሚመጣው ነገር ሁሉ ተደምሮ ቤተሰብ የሚያራቁት ጉዞ ነው። ስለዚህ አንዴ ከታየ በኋላ የሚመላለሰው ዘመድ ነበር። አጎቴ የታላቅ ወንድሙን ካርድ ይዞ ይሄዳል። «እንዴት ነው?» ሲባል «ይበላል፣ ይተኛል፣ አልፎ አልፎ ይቆጣል» ብሎ መድኃኒቱን ተቀብሎ ይመለሳል። እሱ ባይኖር መድኃኒት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ውለታውን አልክድም። ግን «ይቆጣል» በምትለው ቃል ውስጥ ስንት ነገር ተቀብሮ እንደቀረ አስቡት። ሐኪሙ ለዓመታት የሰማው የአጎቴን ድምፅ ነው።

ፈረንጆቹም የቸገራቸው ርቀት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ኦማሃ ያለው የኔብራስካ የሥነ አእምሮ ተቋም በ1959 ሁለቱም ወገን የሚተያይበት ቴሌቪዥን ዘርግቶ ሞከረ። በ1964 ደግሞ 112 ማይል ርቆ ከሚገኘው የኖርፎክ ሆስፒታል ጋር በዚሁ መንገድ ተገናኘ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ርቀት ግን የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ናይሮቢ፣ ቲካ መንገድ ላይ ያለው ማታሪ ሆስፒታል በ1910 ነው የተከፈተው። ኋላ የመራው እንግሊዛዊው ካሮተርስ ለዓመታት አፍሪካውያን ታካሚዎችን በቅርብ ሲያይ ኖረ። ከዚያም በ1953 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመለት መጽሐፍ አፍሪካዊ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል በሚገባ አይጠቀምበትም የሚል ነገር ጻፈ። ከሰዎቹ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ውሎ! እንግዲህ ፊት ለፊት መቀመጥ ብቻውን መደማመጥ አይደለም።

ለእኛ ለስደተኞች ይበልጥ የሚጠቅመው የዴንማርኩ ታሪክ ነው። ዳቮር ሙቺች የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ስደተኞችን በቪዲዮ ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተናጋሪ ሐኪሞች ጋር ማገናኘት ጀመረ። ሐኪሞቹ ከነበሩበት ቦታ አንዱ ጎረቤት አገር ስዊድን ነው። በ2010 ባወጣው ጥናት ታካሚዎቹ በአስተርጓሚ ፊት ለፊት ከመታከም ይልቅ ሩቅ ሆኖ በቋንቋቸው የሚያናግራቸውን እንደሚመርጡ ተናገረ። ለምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ክሊኒክ ገብታችሁ አስተርጓሚው የጎረቤታችሁ ዘመድ ሆኖ ያውቃል? ከመቀመጣችሁ በፊት «ይሄ ከየትኛው ወገን ነው?» ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቀድሟችሁ ይደርሳል። ሌላ አገር ያለ ሐኪም ግን ከሰፈራችሁ ሰው ጋር ቡና አይጠጣም። ለእኛ የሐኪሙ መራቅ አንዳንዴ ራሱ መድኃኒት ነው።

ከዚያ 2020 መጣ። ማርች 27 የሰዓት እላፊው ተጀመረ፤ ሜይ ላይ መንግሥት ኢስሊን መግቢያ መውጫዋን ዘጋት። ቀጠሮ የነበራቸው አንዳንድ ተመላላሽ ታካሚዎች ወደ ስልክ ተዛወሩ። ያኔ በሦስት ሰው ጥሪ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ፣ ታካሚው በአማርኛ፣ እኔ መሃል። አንድ ወንድማችን ክሊኒክ ሲሄድ ቃል ወጥቶት የማያውቅ ሰው በስልክ አርባ ደቂቃ አወራ። «ፊቴን ስለማያየኝ አለቀስኩ» አለኝ በኋላ። ተራ የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዳያየው የሚፈራውም ነገር ቀርቶለት ነበር።

አንዲት እናት ግን ለአምስት በአንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። «ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ ይመጣብሻል?» ሲላት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ከኋላዋ የልጆቿና የባሏ ድምፅ ይሰማኛል። ሐኪሙ ተሽሏታል ብሎ መዘገበ። በማግስቱ በሚስኮል ጠራችኝ። ስደውልላት ደረጃ ላይ ወጥታ ነበር፤ ሌላ ሰው መሰለችኝ። ለክሊኒኩ ስነግራቸው «ታካሚዋ ራሷ ያላለችውን መመዝገብ አንችልም» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እህቴ፣ መልሴ ይኸውልሽ። ሕክምና ነው፤ ግን ግማሹን ነገር በስልክ አታገኚውም። በየወሩ የሚወጋው መርፌ በስልክ አይሰጥም። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት። ሃሎፔሪዶል እጅ ማንቀጥቀጥ፣ ሰውነት ማድረቅ ከጀመረ ሐኪሙ ያንን በድምፅ አያውቀውም፤ አንቺ መንገር አለብሽ። ከሁሉ የሚብሰው ግን በር ነው። ክሊኒክ ሲኬድ በሩን የሚዘጋው ሐኪሙ ነበር። አሁን በሩን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ፣ እሱም ካለሽ። በሌለበት ቤት ደግሞ የአጎቴ ዘመን ይመለሳል፤ አፉ ያንቺ ይሆናል፣ ቃሉ የቤተሰብ።

ቤተሰቦች ይህን የምታነቡ፦ የቀጠሮዋ ሰዓት ሲደርስ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ኤርታይም ከውጭ የምትልኩላት ዘመዶችም «ምን አለሽ?» ብላችሁ አትጠይቋት፤ ካርድ መግዛት የጆሮ መብት አይሰጥም።

አሁን የማስተረጉምላቸው ሰዎች ከሐኪሙ ጋር አንድ ነገር ተስማምተዋል። ጥሪው እንደተጀመረ እሱ «ብቻሽን ነሽ?» አይልም፤ «ኔትወርኩ እንዴት ነው?» ይላል። «ይቆራረጣል» ካለች ሰው አለ ማለት ነው። ያን ቀን ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ብቻ ያወራሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰዓት ይቀጥራሉ።